የሙስሊሞችና የምዕራባውያን መግባባት ከኮልፌ ሲታይ

«እስልምናና ምዕራቡ ዓለም» የሚለው አርእስት በዘመናችን ተወርቶ የማያልቅ ሆኗል። በዚሁ ጉዳይ በአውሮፓም በዓረብ አገርም ጉባኤ ይደረጋል፤ የሃይማኖት አባቶች ተቃቅፈው ፎቶግራፍ ይነሣሉ፤ መግለጫ ይወጣል፤ ተሰብሳቢውም ወደየመጣበት ይመለሳል። እኛም ዘንድ ጉዳዩ በተነሣ ቁጥር አንድ ተናጋሪ ቆሞ ስለ ነጃሺ ያወሳል፤ ይጨበጨባል፤ ሻይ ይቀርባል። የነጃሺን ታሪክ ከሚንቁት ወገን አይደለሁም። ነገር ግን ታሪኩ እንግዳ ሲመጣ ብቻ ከቁም ሣጥን እንደሚወጣ ስኒ ሆኖብናል፤ እንግዳው ሲሄድ ታጥቦ ይመለሳል።

ለመሆኑ ነጃሺ ያደረገው ምን ነበር? የእስልምና ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ615 ገደማ (ከዚህ በኋላም የውጭውን ዓለም ነገር በፈረንጅ ዘመን፣ የእኛን በእኛው እጽፋለሁ) ከመካ የተሰደዱት የነቢዩ ተከታዮች ወደ አክሱም ንጉሥ መጡ። ቁረይሾችም ዐምር ኢብን አል-ዓስንና አንድ ጓደኛውን ብዙ ስጦታ አስይዘው ልከው ስደተኞቹ ተላልፈው እንዲሰጧቸው ጠየቁ። ንጉሡ ግን ቃላቸውን ሳይሰማ አሳልፎ እንደማይሰጥ ተናገረ። ጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ቆሞ መልስ ሰጠ፤ ከመርየም ምዕራፍም አሰማ። ስጦታው ተመለሰ፤ ስደተኞቹ ቀሩ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ይህ ችሎት ነው እንጂ የፍቅር ግብዣ አይደለም። ንጉሡ ተከሳሹን ሰማ፤ መማለጃውን መለሰ። እኔም ዛሬ የምከራከረው ለዚህ ነው። በሙስሊሞችና በምዕራባውያን መካከል መግባባት ይኑር ስንል፣ ከመዋደድ አስቀድሞ የመብት ጉዳይ እንደሆነ ማወቅ ይገባናል። ማስረጃዬን ግን ከአክሱም አላመጣም፤ ከዚሁ ከከተማችን ምዕራብ፣ ከኮልፌ አመጣለሁ እንጂ።

ኮልፌ ቀራንዮ የሚለው ስም ራሱ ያስተምራል። ቀራንዮ ጌታ የተሰቀለበት ስፍራ ስም ነው፤ ወደ ሠፈሩም የመጣው ከመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ነው። በዚሁ ክፍለ ከተማ የሚኖረው የስልጤና የጉራጌ ሙስሊም በመታወቂያው ላይ «ቀራንዮ» ተብሎ ሲጻፍለት ቅር አይለውም። የሙስሊሞች መካነ መቃብርም እዚያው ኮልፌ ነው፤ አስከሬን ሲያልፍ ክርስቲያኑ ከመንገዱ ገለል ብሎ ያሳልፋል። ወደ አየር ጤና አቅጣጫ ሲኬድ ደግሞ ቤቴል የሚባል ሠፈር አለ፤ ዓለም ባንክ የሚባልም አለ። የመጽሐፍ ቅዱስ ስምና የዋሽንግተን ባንክ ስም ከአንድ የታክሲ ረዳት አፍ ተከታትለው ሲወጡ የሚገርመው ተሳፋሪ የለም። ምዕራቡ ዓለም ኮልፌ ከገባ ቆይቷል ለማለት ነው።

ከኮልፌ ነገሮች ሁሉ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የድስቱ ነገር ነው። ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን አይበላም፤ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ሥጋ ቤቱም መስቀል ወይም ጨረቃ ሥሎ ለይቶ ይሸጣል። ይህን የሚያይ ፈረንጅ (ተምሮ የመጣው ያገራችን ሰውም ጭምር) ወዲያው «እነዚህ ሰዎች ማዕድ እንኳ አይጋሩም» ብሎ ይጽፋል። ነገር ግን አጠና ተራ ወይም ሎሚ ሜዳ አንድ ክርስቲያን ልጁን ሲድር ምን እንደሚያደርግ ቀርቦ አይጠይቅም። ደጋሹ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ ለብቻ በግ ወይም ወይፈን ይገዛል፤ ከእነርሱ መካከል የሚያርድ ሰው ይጠራል፤ ቢላዋውን ለእርሱ ያስረክባል፤ ሴቶቻቸውም በራሳቸው ድስት ይሠሩታል፤ ለብቻ ይቀርብላቸዋል። ሙስሊሙም በበኩሉ ድግስ ሲኖረው ይህንኑ ያደርጋል። ይህ ገንዘብ ያስወጣል፤ ጉልበት ይፈጃል። ደጋሹ ግን «ከወደድከኝ የኔን ብላ» አይልም፤ ወይም «የኔን ካልበላህ ቅር» አይልም። ጎረቤቱ እንዲመጣለት የሚሻው ከነሃይማኖቱ ነውና ሁለተኛውን ድስት ይጥዳል።

አሁን ይህን ከአንድ የአውሮፓ ጉዳይ ጋር እናስተያይ። ሻሎን ሱር ሶን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ በትምህርት ቤቶች የምግብ አዳራሽ የዓሣማ ሥጋ በሚቀርብበት ቀን፣ ለማይበሉት ልጆች ሌላ ምግብ ይቀርብላቸው ነበር። በ2015 ከንቲባው ይህ እንዲቀር ወሰነ፤ ምክንያቱም መንግሥት ሃይማኖት አይለይም የሚል ነው። ወላጆችና ማኅበሮች ከሰሱ፤ በ2017 ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው፤ በ2020 ደግሞ የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት ሽረቱን አጸና፤ ሆኖም ከተሞች ሌላ ምግብ ማቅረብ እንደሚችሉ እንጂ እንደማይገደዱ ጨምሮ ተናገረ። ለአንድ ድስት አምስት ዓመት ሙግት! የኮልፌ የዕድር ሴቶች ቢሆኑ ነገሩን በአንድ ከሰዓት በኋላ በጨረሱት ነበር። ፈረንሳዮቹ ከእኛ የከፉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም። ለእነርሱ እኩልነት ማለት ሁሉም ከአንድ ድስት መብላት ነው፤ በኮልፌ ግን ማንም ሰው ጦሙን አለመዋሉ ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ በጉባኤ አዳራሽም ሲነገር ሰምቼው አላውቅም።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ ባቆም ሽንገላ ይሆናል። አባቶቻችን ሁለት ድስት ጥደው ይጋበዙ ነበር፤ የዕድሩ ጥሩምባ ሲነፋ ያለ ልዩነት ይወጡ ነበር፤ ያም ሆኖ በዒድ ቀን መሥሪያ ቤቱ ክፍት ነበር፤ ሙስሊሙ ሠራተኛ በዓሉን የሚያከብረው ፈቃድ ለምኖ ወይም ቀርቶ ነው። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አድርጎ ደነገገ። በብዙ የደጋ አገር ሙስሊሙ ርስት ስላልነበረው ወደ ንግድና ወደ ሽመና ገባ፤ ከዚያም «ሙስሊም መሬት አይወድም፣ ንግድ ይወዳል» ተብሎ ተወራበት። በሹመት ወንበር ላይ እርሱን ማየት ብርቅ ነበር። «ሃይማኖት የግል ነው፤ አገር የጋራ ነው» የሚለው ቃል ግን በዚያው ዘመን በየአደባባዩ ይነገር ነበር። ጎረቤቱ ያከበረውን ሰው መዝገቡ አላወቀውም። በመዝገብ ላይ ስሙ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» የሚል ነበር።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ እስከዚያ ዘመን ካየቻቸው ታላላቅ ሰልፎች አንዱን አየች። መቶ ሺህ ገደማ ሕዝብ ወጣ ይባላል። ሙስሊሙ ብቻ አልነበረም፤ ክርስቲያኖችም አብረው ተሰልፈዋል። ዐሥራ ሦስት ጥያቄዎች ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለልጅ እንዳልካቸው መኮንን ቀረቡ። በዓሎቻችን ይታወቁ፣ መሬት የመያዝ መብት ይኑረን፣ በአስተዳደሩ፣ በዲፕሎማሲውና በጦሩ እንግባ፣ የራሳችን ምክር ቤት ይኑረን የሚሉ ነበሩባቸው። ከሁሉም በላይ ግን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ» መባል ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንባል አሉ። በ1967 ዓ.ም. ሦስቱ በዓላት የሕዝብ በዓል ሆኑ። ጠቅላይ ምክር ቤቱ በ1968 ተቋቋመ፤ በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው ግን በ2012 ነው። አርባ አራት ዓመት መሆኑ ነው፤ አንባቢ ራሱ ያስላው።

ጭቅጭቁ በአንዲት ፊደል ላይ ነበር፤ «በ» በምትባለው። «በኢትዮጵያ የሚኖር» እንግዳ ነው፤ እንግዳ ይስተናገዳል፤ ቢላዋም ይሰጠዋል፤ ድስትም ይጣድለታል፤ ባለቤት ግን አይደለም። ሰልፈኞቹ መስተንግዶው አነሰን አላሉም። ባለቤቶች ነን አሉ።

የምዕራቡም ዓለም ጉዳይ በእኔ አስተያየት ከዚህ አይለይም። ጋዜጦቻቸውን ስናነብ «በአውሮፓ የሚኖሩ ሙስሊሞች» የሚል እናገኛለን። የሳራዬቮ ሰው ከቅድመ አያቶቹ ጀምሮ አውሮፓዊም ሙስሊምም ነው፤ ግን «በ» አልለቀቀችውም። በ2009 የስዊስ ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ አዲስ ሚናሬት እንዳይሠራ በሕገ መንግሥቱ አስገባ፤ 57 ከመቶ የሚሆነው መራጭ ደገፈው። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የነበሩት ሚናሬቶች ስንት ቢሆኑ ጥሩ ነው? አራት። አራት ሚናሬት ያስፈራው ሰው የፈራው ሕንፃውን አይደለም፤ እንግዳ ሆኖ የኖረው ሰው ቤት መሥራት መጀመሩን ነው።

ማልኮም ኤክስን እዚህ ላይ ማንሣት ይገባል። በ1925 ኦማሃ፣ ነብራስካ ተወለደ፤ ከዚያ የበለጠ አሜሪካዊ ከየት ይመጣል? ሙስሊምም ነበር። ሐጅ ባደረገበት በ1964 አፍሪካን ሲዞር አዲስ አበባም መጥቶ ነበር፤ ጥቂት ወራት ቆይቶ በየካቲት 1965 ተገደለ። እርሱን «ሙስሊም» በሚለው ረድፍ ወይም «ምዕራባዊ» በሚለው ረድፍ ለይቶ ማስቀመጥ የሚችል ሰው ካለ ይምጣና ያሳየን። ከእርሱ ሞት በኋላ የአሜሪካ ጥቁር ሙስሊሞች ጋዜጣ በ1975 ስሙን በቢላል ስም ለወጠ፤ በእኛው በሐበሻው ቢላል ማለት ነው። ዛሬም በዋሽንግተን ጆርጂያ አቬኑ ላይ ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ያቋቋሙት «ፈርስት ሂጅራ» የሚባል ማዕከል አለ። ልጆቻቸው አሜሪካውያን ናቸው፤ ሙስሊሞች ናቸው፤ እንጀራ ይበላሉ። «በእስልምናና በምዕራቡ ዓለም መካከል ድልድይ» የሚባለው ነገር ለእነዚህ ልጆች ትርጉም የለውም፤ ድልድይ የሚያስፈልገው ወንዝ ሲኖር ነው፤ እነርሱ ደግሞ ወንዙን አላዩትም።

የምዕራቡን ሰው ፍርሃት ቅዠት ነው የሚል ግን ከእኔ ጋር አይቁም። የመስከረም 2001 ኒው ዮርክ ቅዠት አልነበረም፤ የ2015ቱ ፓሪስም እንዲሁ። እኛም በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ ምድር ወንድሞቻችን ክርስቲያን በመሆናቸው ሲታረዱ በቴሌቪዥን አይተናል። ያን ጊዜ በአዲስ አበባ ሙስሊሙ ለቅሶ ሊደርስ ሲመጣ እንደ ለቀስተኛ ነው የመጣው፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ ተቀመጠ። በምዕራብ አገር ግን እንዲህ ያለ ነገር በደረሰ ቁጥር ሙስሊሙ መጀመሪያ ወጥቶ «እኔ የለሁበትም» ብሎ እንዲምል ይጠበቃል፤ ሐዘኑ ሁለተኛ ነው። ለቀስተኛና ተጠርጣሪ በአንድ ወንበር ሊቀመጡ አይችሉም።

ይህን ሁሉ ለምዕራቡ ዓለም መንገር የነበረብን እኛ ነበርን። የነገርነው ግን ሌላ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በሚያዝያ 1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ መንግሥታት በላኩት ደብዳቤ አገራችንን በአረመኔ ባሕር የተከበበች የክርስቲያን ደሴት አድርገው ገለጿት። በዚያን ጊዜ አውሮፓ አፍሪካን ትቀራመት ስለነበር ንጉሡ አገር የሚያድን ቃል መፈለጋቸው ይገባኛል። ግን ቃሉ ከጉዳዩ በኋላም ኖረ፤ ወልዬውና ሐረሪው፣ የጅማውና የስልጤው ሙስሊም በደሴቲቱ ሥዕል ላይ ቦታ አጣ። ከዚያ ጣልያን መጣ። በየካቲት 12 ቀን 1929 አዲስ አበባን በደም ያጠበው የፋሺስት መንግሥት፣ ወር ሳይሞላው መሪው ትሪፖሊ ሄዶ «የእስልምና ሰይፍ» ተቀብሎ ራሱን የሙስሊሞች ጠባቂ ብሎ ጠራ። በእኛም አገር መስጊድ አሠራ፤ ዓረብኛ አስተማረ። ይህ መግባባት አይባልም፤ አንዱን ወንድም በሌላው ላይ መግዣ ነው። ዑመር ሰመተርን የመሰሉ ሙስሊሞች ጣልያንን በጥይት ሲቆሙት የጣልያን ስጦታ ለቀሪው ሙስሊም ለብዙ ዓመት ጥርጣሬ አተረፈለት። ነጃሺ ስጦታውን የመለሰው ወዶ አይደለም።

የትምህርቱስ ነገር? ስለ ኢትዮጵያ ሙስሊሞች አጠቃላይ መጽሐፍ የፈለገ ተማሪ ለረጅም ዘመን የሚሰጠው ትሪሚንግሃም የተባለው እንግሊዛዊ ሚሲዮናዊ በ1952 ያሳተመው ነበር። ከኮልፌ ጎረቤቱ ጋር በአንድ ዕድር ያለ ተማሪ ስለዚያ ጎረቤት ለማወቅ ኦክስፎርድ ድረስ ይሄድ ነበር ማለት ነው። ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በዚሁ በዩኒቨርሲቲያችን የታሪክ ክፍል እያስተማሩ ስለ ወሎ እስልምና የጻፉት መጽሐፍ በ2001 ወጣ። የታተመው ግን ላይደን ነው፤ ቋንቋውም እንግሊዝኛ ነው። ደሴ ያለ አንባቢ ስለ ራሱ አያት የተጻፈውን አያገኘውም። ቁርዓን በአማርኛ ታትሞ የወጣው በ1961 ዓ.ም. ነው፤ ስንቱ ክርስቲያን ተማሪ ገልጦት ያውቃል? መልሱን ለአንባቢ እተዋለሁ።

ኮልፌ ውስጥ ግን ምዕራባዊና ሙስሊም ያለ ጉባኤ የተገናኙበት አንድ ግቢ አለ። ዘነበወርቅ የሚባለው ነው። ከጣልያን ወረራ በፊት የሱዳን ኢንተርየር ሚሽን ሐኪሞች በዚያ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ያክሙ ጀመር፤ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ አለርት ተቋቋመ፤ ከመሥራቾቹም መካከል የእኛው ዩኒቨርሲቲ ይገኝበታል። ከባሌም ከወሎም ከጎጃምም የመጣ ሕመምተኛ፣ ቤተሰቡ ያገለለው፣ ግቢው ዙሪያ ሠፈረ። ሁሉም እኩል የተጣለ ስለነበር መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም በዚያ ዙሪያ ሆነ። ሥጋ ደዌ የመታው እግር ስሜት ስለሌለው ሕመምተኛው ቍስሉን አያውቀውም፤ ስለዚህ እግሩን በየቀኑ አጥቦ፣ ዘፍዝፎ፣ አገላብጦ እንዲያይ ይመከራል። ሙስሊሙ ደግሞ ለሶላት በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ ያደርጋል። ይህን የሚያውቅ ሐኪም ምክሩን ግማሽ መንገድ ተሠርቶ ያገኘዋል፤ የማያውቅ ሐኪም ግን «እግርህን ታጠብ» እያለ ሲደክም ይውላል። ስለ መግባባት ጥቅም ብጠየቅ ከማንኛውም የሰላም መግለጫ ይህን አስቀድማለሁ።

ምዕራቡን ስንወቅስ ግን ደጃችንም ይታይ። በ2017 ዓ.ም. በአክሱም ሂጃብ የለበሱ ልጃገረዶች ከትምህርት ገበታ ተከልክለው ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ እዚያው አክሱም፣ ነጃሺን በምናወሳበት ስፍራ፣ ዛሬም መስጊድ አይሠራም። በሚያዝያ 2014 ጎንደር ላይ በቀብር ሥነ ሥርዓት መካከል ሰው ተገደለ። በ2003 በጅማ በኩል በአሰንዳቦ አካባቢ በርካታ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ሙስሊሙ በሚበዛበት ክርስቲያኑ፣ ክርስቲያኑ በሚበዛበት ሙስሊሙ «በ» ትጫንበታለች። ለስዊስ የምንሰብከው ለራሳችን ካልሠራ፣ ስዊሱ ቢስቅብን አይፈረድበትም። በእኛም ግቢ በረመዳን የሙስሊሙ ተማሪ እራት እስከ መግሪብ ይቀመጥለት ወይስ ሰዓቱ አልፏል ይባል የሚለው ክርክር ለማናችንም አዲስ አይደለም። የረቡዕና የዓርብ የጦም ወጥ ግን ክርክር አያስነሣም። ሻሎን ሱር ሶን እሩቅ ናት የሚል ካለ ወደ ምግብ አዳራሽ ይውረድ።

ስለዚህ ለማኅበራችን የማቀርበው አሳብ አጭር ነው። በሚያዝያ 1966 ሰልፍ በሃያ ዓመቱ የወጣ ሰው ዛሬ ሰባ ዓመቱን አልፏል። በኮልፌና በመርካቶ እነዚህ ሐጂዎችና ሼኾች፣ እነዚህ እማማዎች፣ አብረዋቸው የወጡትም ክርስቲያኖች ገና አሉ፤ በየዓመቱም ይቀንሳሉ። ሙስሊምና ክርስቲያን ተማሪ ሁለት ሁለት እየሆነ ሄዶ ቃላቸውን ይቅዳ፤ የሚቀዳበትም መሣሪያ ሁላችንም ኪስ ውስጥ አለ። በአማርኛ ይጻፍ፤ አንዱ ቅጂ ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይሰጥ፤ አንዱ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ ለውጭ እንግዶቻችን ይድረስ፤ ከነጃሺ በኋላ ያለውን ያንብቡ። የምግብ አዳራሹን ነገር በሚመለከትም ረመዳን ሳይገባ ማኅበሩ ለተማሪዎች ዲን በጽሑፍ ያቅርብ፤ ገብቶ ከሆነ በኋላ የሚሆነውን እናውቀዋለን። ለቃል ቀረጻው ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን ለማኅበሩ ጸሐፊ ስጡ፤ ስልጥኛ ወይም ጉራግኛ የምትናገሩ በተለይ ታስፈልጋላችሁ።